ተማሪዎቼን «ለሕዝብ ሥሩ» እያልኩ እኔ ልለቅ ነው

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዱን ሁሌ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ32 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ መሀል ከተማ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር ምህንድስና አስተምራለሁ። ባለትዳር ነኝ፣ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፣ የምንኖረው ቀበና ተከራይተን ነው።

ማስተማር ስጀምር ለራሴ አንድ ቃል ገብቼ ነበር። ተማሪዎቼ የመመረቂያ ፕሮጀክታቸውን ለይስሙላ ሠርተው፣ ዲፌንስ አቅርበው፣ ጥራዙን መደርደሪያ ላይ ጥለው እንዲወጡ አልፈልግም። እውነተኛ ሰው የሚጠቀምበት ነገር ይሥሩ ነው የምለው። ክፍል ውስጥም «የተማራችሁት በሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ለሕዝብ ሥሩ» እላቸዋለሁ።

ባለፈው ዓመት አራት ጂሲ (ተመራቂ) ተማሪዎች ይህን አምነው ተከተሉኝ። ከግቢያችን ብዙ በማይርቅ ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት ተቀመጡ። ካርድ የጠፋበት ሰው ሲመጣ ሠራተኛዋ ስሙን ለማግኘት ትልልቅ መዝገብ ስታገላብጥ፣ ወረፋው ከበር አልፎ ግቢ ሲደርስ አዩ። ከዚያ በስም ፈልጎ የካርድ ቁጥር የሚያወጣ ቀላል ሲስተም ሠሩ። ሠራተኛዋ በጣም ወደደችው። ልጆቹ ኤ አገኙ፣ እኔም በደስታ አለቀስኩ።

ተመረቁ። ትንሽ ቆይቶ ሠራተኛዋ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛወረች። በእሷ ቦታ የመጣችው ልጅ ሲስተሙ እንቢ አላት። ኃይሉን በሌላው «ሀ» ከጻፈችው «የለም» ይላታል። የልደት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ካልሆነ አይቀበልም። ልጆቹ ጋ ደውላ ነበር አሉ፤ አንዱ ሥራ ፍለጋ ላይ ነበር፣ አንዷ ስልኳን ቀይራለች። ባለፈው ወር ልጄን አሟት ይዣት ስሄድ ኮምፒዩተሩ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ተቀምጧል፤ መዝገቡ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ወጥቷል። «ሲስተሙስ?» ስላት «ሲስተም የለም» አለችኝ። እዚያው ማልቀስ አማረኝ።

ከአራቱ በጣም ጎበዙ ልጅ አሁን የሚሠራው የስፖርት ውርርድ ድርጅት ውስጥ ነው። ሲያገኘኝ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያናግረኝ። «ቲቸር፣ ታናናሾቼን የማስተምረው እኔ ነኝ» አለኝ። ምን ልበለው?

አሁን ደግሞ ፈተናው ወደ እኔ ዞሯል። ቦሌ ያለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት የአሁኑን ደመወዜን አራት እጥፍ እንክፈልሽ ብሎኛል። ባለቤቴ «ልጃችንን አስቢ» ይላል። እናቴ ስኳር አለባት፣ መድኃኒቷን የምገዛው እኔ ነኝ። አከራያችን ኪራይ ጨምረዋል። ባልደረቦቼ ደግሞ «አንቺ እኮ ኤንጂኦ ነው የምታስተምሪው» እያሉ ይስቁብኛል። ልልቀቅ ብዬ ሳስብ፣ ልጆቹ ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ? እስከዛሬ ያልኳቸው ሁሉ ውሸት አይሆንም? ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይሄ ነው፦ የደሃ ልጆችን «ለሕዝብ ሥሩ» እያልኩ እንጀራቸውን እየዘጋሁባቸው ይሆን? ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ መምህርት፣ ከቀበና


እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በዚያ ሲስተም ውስጥ የአራት ልጆች ድካም ነበረ፣ ያንቺም የዓመታት ቃል ነበረበት። «ሲስተም የለም» የሚለውን ሁላችንም በየወረዳው፣ በየባንኩ እየሰማን ለምደነዋል፤ አንቺ ግን የጠፋው ሲስተም የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ቢከብድሽ አይገርምም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ ሦስት ጥያቄ አለ አይደል? ሲስተሙ ለምን ቆመ፣ ልጁ ውርርድ ቤት መግባቱ የኔ ጥፋት ነው ወይ፣ እኔስ ልልቀቅ ወይ። ሦስቱም ሌሊት ላይ አንድ ላይ ተተብትበው ነው የሚመጡብሽ መሰለኝ። ሲስተሙ ስለቆመ ያስተማርኩት ውሸት ነው፣ ውሸት ከሆነ ልጁን አሳስቼዋለሁ፣ ካሳሳትኩት ደግሞ የመልቀቅም የመቅረትም መብት የለኝም። በዚህ ስሜት ውስጥ ሆነሽ ውሉን ብትፈርሚም ብትተዪውም መጸጸትሽ አይቀርም። ስለዚህ እንፍታቸውና አንድ በአንድ እንያቸው።

ከካርድ ክፍሉ እንጀምር፣ እዚያ ብዙ ነገር አለና። ሁለተኛዋ ሠራተኛ የገጠማት ችግር ተማሪዎችሽ ሰነፎች ስለሆኑ የመጣ አይደለም። ለእኛ ኃይሉም ሀይሉም ሐይሉም አንድ ሰው ነው። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ኮምፒዩተሮች የሚጠቀሙበት የዓለም ፊደላት መዝገብ፣ ዩኒኮድ፣ ፊደላችንን እ.ኤ.አ. በ1999 ሲያካትት እንዲህ ነው የመዘገበው፣ ልክም ነው፣ ሰው ስሙን እንደጻፈው መቀመጥ አለበትና። ፍለጋው ላይ ግን ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን እንደ አንድ እንዲያይ አንድ ሰው ማዘዝ አለበት። ፀሐይና ጸሃይ፣ ዓለሙና አለሙ እንዳሉ ናቸው። መዝገቡን ገልጠሽ ካየሽ ደግሞ ግማሹ ሰው በአጭሩ ነው የተጻፈው። ገ/ሚካኤል አለ፣ ኃ/ማርያም አለ። ወ/ማርያም ሲባል ወልደማርያም ይሁን ወለተማርያም የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው። የልደት ቀንም እንደዚያው። ጳጉሜን 3 የተወለደ ሰው ሲመጣ፣ ከኋላው ረጅም ወረፋ እያጉረመረመ፣ ሠራተኛዋ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀይሪ ስትባል መዝገቡን ብትመርጥ እኔ አልፈርድባትም።

ይህን ሁሉ የትኛው የኮርስ መጽሐፍ ነው የሚያስተምረው? የሚገኘው ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ግን ልጆቹን ለምዳ ነበር፤ እነሱ በጻፉበት መንገድ ነው የምትጽፈው። ትክክለኛው ፈተና የመጣው ሁለተኛዋ ስትገባ ነው፣ ያኔ ደግሞ ልጆቹ ተመርቀዋል። ልብ በይልኝ፤ ተማሪዎችሽ ከሥራቸው በጣም የሚማሩበት ቀን የደረሰው ውጤታቸው ከተለጠፈ በኋላ ነው። ሴሚስተሩ አልቋል፣ የጤና ጣቢያው ሥራ ግን አያልቅም። የመመረቂያ ፕሮጀክት ብዙ ጊዜ የሠርግ ድንኳን ይሆናል፣ በአንድ ሌሊት ይቆማል፣ ሁሉ ያደንቀዋል፣ በማግስቱ ይነሳል። እኔ እንደሚመስለኝ ያንቺም ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጆቹን ለሕዝብ እንዲሠሩ አሳምነሻቸዋል፤ ሥራውን ከአንዱ ባች ወደ ሚቀጥለው የሚያሻግር ነገር ግን ማንም አላዘጋጀላቸውም።

በአገራችን ይህን የፈታ የትምህርት ዘርፍ አለ፤ እሱም ጤና ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እያደረገ ሕዝቡ መሀል ልኮ ነበር የሚያሠለጥናቸው። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ማኅበረሰብ ተኮር በሆነ ትምህርቱ ይታወቃል፤ ተማሪዎች በተለያየ የትምህርት ዘመናቸው በቡድን ወደ ቀበሌና መንደር ይወጣሉ። ማንም የሕክምና ተማሪን «ገጠር ወርደህ ቤት ለቤት መጠየቅህ ኤንጂኦ ነው» ብሎ አይስቅበትም። የትምህርቱ አካል ነዋ፣ ውጤት አለው፣ መምህር አብሮት ይወጣል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ ባች ይሄዳል። ካንቺም ሰፈር ቢሆን፣ ስድስት ኪሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል ይደረግ ነበር፤ አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ነው የሄዱት። በጊዜው ያጉረመረመ ነበር፣ ሕይወቱ የተቀየረም ነበር። የሶፍትዌር ተማሪ ለምን እንደዚህ አይማርም? ባልደረቦችሽ ሲስቁብሽ ይህን ንገሪያቸው፣ ሳትቆጪ።

ሌላም ልጨምርልሽ፣ አንቺን በቀጥታ ስለሚመለከት። ጤና ሚኒስቴር የጤና ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው ሲስተም ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ፤ ካላወቅሽም ለተማሪዎችሽ የሚነገር ታሪክ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ደቡብ አፍሪካ ነው። አፓርታይድ እንዳበቃ የዚያ አገር ተመራማሪዎችና የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የተበታተነውን የጤና መረጃ ለማስተካከል ከጤና ሠራተኞች ጋር አብረው ተቀምጠው መሥራት ጀመሩ። ማስተርስና ፒኤችዲ ተማሪዎች ከብዙ አገር፣ ከእኛም አገር ጭምር፣ እየገቡበት እየወጡበት አሁን ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። ዩኒቨርሲቲ ነው የሠራው! ግን ከ30 ዓመት በላይ ከሥራው ሳይለይ ነው የሠራው። የዲጂታል መታወቂያችን ፋይዳም እንዲሁ፤ የቆመበት ሞሲፕ የሚባለው ክፍት ሶፍትዌር ሕንድ ባንጋሎር ያለ አንድ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረ ነው። ተማሪዎችሽ ባንክ ሲሄዱ የፋይዳ ቁጥር ሲጠየቁ፣ ከጀርባው ያለው ኮድ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ መሆኑን ቢያውቁ ለራሳቸው ሥራ ያላቸው ግምት የሚለወጥ ይመስለኛል።

ስለዚህ ለዲፓርትመንትሽ ኃላፊ ትልቅ ፕሮፖዛል ይዘሽ አትሂጂ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ የቀድሞ ባች የሠራውን ሲስተም መጠገንና ማሻሻል እንደ ሙሉ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይቆጠር። እስካሁን አዲስ ነገር ካልሠሩ አያልፉም አይደል? ይህች ሕግ ከተቀየረች ለሚመጣው ባች ካርድ ክፍሉን መልሰሽ መስጠት ትችያለሽ። የፊደሉን ፍለጋና የቀን አቆጣጠሩን ያስተካክሉ። አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ሁለት ሠራተኛ ያሠልጥኑ፣ ከሁለቱ አንዱ የጤና ጣቢያው ኤችአይቲ (የጤና መረጃ ቴክኖሎጂ) ባለሙያ ይሁን፣ ሲስተም ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ስለሆነ። ኮድ ከመጻፋቸው በፊት ደግሞ ጤና ቢሮው ለዚያ ጣቢያ ያዘጋጀው የኤሌክትሮኒክ ካርድ ሲስተም ካለ ይጠይቁ፤ ካለ የናንተን ትቶ እሱ እንዲሠራ ማገዝም ትልቅ ፕሮጀክት ነው። ይህን መቀበል ለወጣት ዴቨሎፐር ይመራል፤ የራስ ኮድ የራስ ልጅ ነው የሚመስለው። ግን ለሕዝብ መሥራት ማለት አንዳንዴ የራስን ትቶ የሌላውን መጠገን እንደሆነ ካንቺ ካልሰሙ ከማን ይሰማሉ?

እግረ መንገዴን አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። እነዚያ ልጆች በሁለት ሦስት ወር ውስጥ የስንት ታካሚ ስም፣ ዕድሜና ካርድ ቁጥር አስገብተዋል? መረጃው አሁን የት ነው ያለው? ጨርቅ የለበሰው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነው ወይስ የአንዱ ልጅ ላፕቶፕ ላይም ቅጂ አለ? ልወቅስሽ አይደለም፣ ግን በዚህ ሳምንት ደውለሽ ጠይቂያቸው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 እ.ኤ.አ. በ2024 ወጥቷል፤ የጤና መረጃ ደግሞ በጣም ጥብቅ ጥንቃቄ ከሚያስፈልገው ወገን ነው። «ስሙን አጥፍተነዋል» ቢሉሽ አትርኪ። እ.ኤ.አ. በ1997 ላታንያ ስዊኒ የምትባል የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ስም የጠፋበትን የሆስፒታል መረጃ በ20 ዶላር ከገዛችው የመራጮች ዝርዝር ጋር በልደት ቀን፣ በጾታና በፖስታ ኮድ አስተያይታ የማሳቹሴትስን አገረ ገዥ የሕክምና መረጃ ነጥላ አውጥታለች። ለሚመጣው ባች አንድ ክፍለ ጊዜ ይህን ታሪክ አስተምሪያቸው፣ ከዚያ ካርድ ክፍል ላኪያቸው። በዚያ መዝገብ ውስጥ ጎረቤታቸው አለ፣ ምናልባት እናታቸውም።

አሁን ወደ ልጁ። አንገቱን ደፍቶ ሲያናግርሽ ምን መለስሽለት? አልጻፍሽልኝም። ታናናሾቹን የሚያስተምር የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ደመወዝ የሚከፍለው ቦታ መሄዱ ሊያሳፍረው አይገባም። ውርርድ ቤቶቹን አልወዳቸውም፤ በየሰፈሩ ስንት ወጣት የምሳውን ገንዘብ እዚያ እንደሚጥል አያለሁ። ግን እሱ ሲመረቅ ማስታወቂያ ያወጣለት ሌላ ማን ነበር? ጎበዝ ዴቨሎፐር የሚፈልግ፣ የሚያኖር ደመወዝ የሚከፍል፣ ከበላዩ ሥራውን የሚረዳ አለቃ ያለበት የሕዝብ መሥሪያ ቤት ስንት አለ? ይህን ክፍተት አንቺ አልፈጠርሽውም፣ በስብከትም አትሞይውም።

ለዚህ ነው «እንጀራቸውን እየዘጋሁባቸው ይሆን?» የሚለው ጥያቄሽ ትልቅ ጥያቄ ነው የምለው። ለሕዝብ መሥራት እንደ መሥዋዕትነት ብቻ ከተነገራቸው፣ አዎ፣ የደሃ ልጅ ላይ ይከብዳል፤ የሚመርጠው ያለው ብቻ ነውና። እንደ ሙያ ከተማሩት ግን ሌላ ነው። እንደ ሁለተኛዋ ሠራተኛ ያለ ተጠቃሚ ቀርቦ ማየት፣ የተዝረከረከ መረጃ ማስተካከል፣ ሥራን ለሌላ ሰው አስረክቦ መውጣት፣ እነዚህን የሚችል ሰው ቴሌም ይፈልገዋል፣ ባንክም ይፈልገዋል፣ ውጭ ያለ ድርጅትም በሪሞት ይፈልገዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 21 ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ለሕዝብ ጥቅም የሚሠሩ የቴክኖሎጂ ባለሙያዎችን ለማፍራት ኅብረት ሲፈጥሩ ስለ ኮርስ ብቻ አልነበረም ያወሩት፤ ተመራቂው የት ይቀጠራል የሚለውም አብሮ ነበር። ከዚያ በፊት ትምህርት የሆነቻቸው ነገር ነበረች። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 የጤና ኢንሹራንስ መመዝገቢያ ድረ ገጻቸው ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን መመዝገብ የቻሉት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ያን ያህል ብር ወጥቶበት! ያስተካከሉት ከግል ድርጅቶች የመጡ መሐንዲሶች ናቸው። በዓመቱም መንግሥት እንዲህ ያሉ ሰዎች ለተወሰነ ጊዜ እየመጡ አገልግለው የሚመለሱበት አንድ ክፍል አቋቋመ።

ይህን የምነግርሽ ለልጁ ስትደውዪለት እንዲጠቅምሽ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሚከፍለው ዕዳ እንዳለበት አታስመስዪበት። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይኖርሃል ወይ በይው። አዲሱ ባች የእሱን ኮድ ሲከፍት አጠገባቸው ተቀምጦ «ይህን ለምን እንዲህ አደረጋችሁት?» ሲሉት ይመልስ። ዕውቀቱን እንጂ ንስሐውን እንደማትፈልጊ ይግባው። እምቢ ካለሽም እሺ በይው፣ ደግሞ በሌላ ጊዜ ደውዪለት፣ ስለ ታናናሾቹ ጠይቂው።

አሁን ያንቺው ሥራ። ቅሪ ወይም ሂጂ አልልሽም። የማስበውን ግን አልደብቅሽም። የእናት የስኳር መድኃኒት፣ የልጅ ወተትና የቤት ኪራይ ባለበት ቤት አራት እጥፍ ደመወዝ ማየት ስግብግብነት አይደለም። ብትሄጂ ተማሪዎችሽን አልከዳሽም፣ ያልሻቸውም ውሸት አይሆንም። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዋን ቲምኒት ገብሩን አስቢያት፣ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ውስጥ ሠርታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከጆይ ቡላምዊኒ ጋር ባወጡት ጥናት ፊት አይቶ ጾታ የሚለዩ ሲስተሞች ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ እንደሚሳሳቱ ያሳየችውም እዚያ እያለች ነው። ኋላ ደግሞ የራሷን የምርምር ተቋም መሠረተች። ሰው ለሕዝብ የሚጠቅመው በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ብቻ አይደለም።

ግን ደግሞ ልብሽን ጠይቂው። ክፍል ገብተሽ ስታስተምሪ ደስ ይልሻል ወይስ ድሮ ነበር ደስ የሚልሽ? ደመወዙ ሁለት እጥፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታስቢበት ነበር? ካርድ ክፍሉ ውስጥ ሲስተሙ እየሠራ ብታገኚው ኖሮስ? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስሽ «አልለቅም ነበር» ከሆነ፣ የምትሄጂው ገንዘቡ ስቦሽ ሳይሆን ተስፋ ቆርጠሽ ነው ማለት ነው፤ ያ ደግሞ በደመወዝ አይድንም። መልስሽ «ያኔም እሄድ ነበር» ከሆነ በሰላም ሂጂ፣ ማንንም ይቅርታ መጠየቅ የለብሽም።

ከባለቤትሽ ጋር አንድ ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። ኪራይ፣ የእናትሽ መድኃኒት፣ አስቤዛ፣ የልጅቷ መዋያ። ለመኖር በወር ስንት ነው የሚጎድላችሁ? አራት እጥፉን ሳይሆን የሚጎድለውን ቁጥር እወቁት። «ልጃችንን አስቢ» ሲልሽ አንቺ ወቀሳ ትሰሚያለሽ፤ እሱ ምናልባት ፍርሃቱን እየነገረሽ ነው። ምን እንደሚያስፈራው ጠይቂውና ሳታቋርጪ ስሚው። ከዚያ አንቺ ደግሞ ስለ ካርድ ክፍሉ ንገሪው። ነግረሽው ታውቂያለሽ?

መሀል ያለውን መንገድም ሳታዪ አትለፊ። ቦሌ ተቀጥረሽ አንድ ኮርስ በፓርት ታይም ማስተማር፣ በተለይ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ብቻ ይዘሽ መቆየት ይቻል ይሆናል። ዩኒቨርሲቲሽ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጥ እንደሆነ የሰው ሀብቱን ጠይቂ፣ አይሰጥም ብለሽ በግምት አትተዪው። ማስተርስሽን በዩኒቨርሲቲው ወጪ ከተማርሽ ደግሞ የአገልግሎት ግዴታ ፈርመሽ ይሆናል፤ ውሉን ከመሳቢያ አውጥተሽ የቀረሽን ጊዜና የሚያስከፍልሽን ገንዘብ እይ፣ በኋላ መልቀቂያ ስትጠይቂ እንዳያስደነግጥሽ። በሁለቱም በኩል ብትሄጂ፣ ካርድ ክፍሉን የሚረከብ አንድ ወጣት መምህር ከአሁኑ ፈልጊ። ከሚስቁት መሀል አንዱ ሊሆን ይችላል፣ ሰው የሚስቀው አንዳንዴ ስለሚፈልገው ነው።

ለድርጅቱ ግን ዛሬ መልስ አትስጪ። ሁለት ሳምንት ስጡኝ በያቸው፤ በእውነት የሚፈልግሽ ቀጣሪ ሁለት ሳምንት ይጠብቃል። ስታገኚያቸው ስለ ደመወዙ ብቻ አትጠይቂ። የሙከራ ጊዜው ስንት ወር ነው፣ ልጅ ስትታመምብኝ ከቤት መሥራት እችላለሁ ወይ፣ በሳምንት ግማሽ ቀን ለማስተማር መውጣት ትፈቅዱልኛላችሁ ወይ፣ የምንሠራው ለማን ነው በያቸው። «ይቻላል፣ ኋላ እናየዋለን» ካሉሽ ኋላ የሚባለው አይመጣም። የፈቀዱልሽን ነገር ውሉ ውስጥ ያስገቡልሽ፣ ካስገቡልሽ በኋላ ፈርሚ።